«እጇ ነው» ብዬ ነበር... ለካስ የኔው እጅ ኖሯል!

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍቅር አይደለም። የሰው ገመናም አይደለም። የራሴ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ጓደኛሞች «ሳታጣሩ አትፍረዱ» እያልኩ ስመክር ኖሬያለሁ። መካሪው እኔ ግን... ምን አለፋችሁ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጣ ላይ መጻፍ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ አዳማ (አሁንም አፉ እንዳመጣለት ናዝሬት የሚላት ሞልቷል) ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ትምህርቴ 12ኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ኮምፒውተርም ኮሌጅ ገብቼ አይደለም የተማርኩት፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው። ይህም «እኔ የማላውቀው ነገር የለም» የሚል ክፉ በሽታ አሳድሮብኛል።

ቤቷ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ከሒሳብ መያዣና ከዘፈን ማጫወቻ አያልፍም። ሁለተኛው እንጀራችን ነው። ማመልከቻው፣ ውሉ፣ ሲቪው፣ የሠርግ ካርዱ፣ የዕድሩ ደንብ ሁሉም በሱ ነው የሚሠራው። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ደግሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ታቅፈው ይጎርፋሉ። የዓመቱን የቤት ኪራይ የምንሸፍነው ያኔ ነው።

በዚህ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። የመቂ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት አልሞላትም። 12ኛን ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት ሥራ ፍለጋ አዳማ አክስቷ ዘንድ መጣች። ስትጽፍ ኪቦርዱን አታየውም፤ ከደንበኛው ጋር እየተጫወተች ጣቶቿ ብቻቸውን ይሮጣሉ። «ጋሼ» ነበር የምትለኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴን ሳልደፍን ሽማግሌ አደረገችኝ እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ጣጣው የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው።

ያቺ ትንሽ ዕቃ

ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። እግረ መንገዴን ያገለገሉ የኮምፒውተር ዕቃዎች ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ ጎራ አልኩና ራም ገዛሁ። ራም ማለት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ። ሃርድ ዲስክን እንደ ቁም ሳጥን አስቡት፤ ራም ደግሞ ጠረጴዛው ነው። ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ ሲጨርስ መልሶ ያስቀምጣል። ጠረጴዛው ከጠበበ ሥራው ይንቀራፈፋል። የኛ ማሽን ባለ 4 ጊጋ ነበር። እኔ ሌላ 4 ጊጋ ገዝቼ 8 ላደርገው ነው። ዕቃዋ ከመዳፍ አትበልጥም፤ ያገለገለች ስለሆነች ዋጋዋም ደህና ነው።

ማታ ሲፒዩውን ከፈትኩት። አቧራውን እፍ አልኩ፣ ቀጭ አድርጌ ሰካሁ፣ አስነሳሁት። 8 ጊጋ! ልጅቷን ጠርቼ «ነይ እይ፣ ጋሼሽ ምን እንደሠራ!» አልኳት። ማሽኑም እውነትም ፈጠን አለ።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ሆነና የማይነበብ ነገር ጽፎ ጠፋ። ራሱን ሪስታርት አደረገ። «የመብራቱ ነገር ነው» ብለን አለፍነው። በማግስቱ ኢንተርኔቱ ብቻውን ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን አንድ ፋይል «ተበላሽቻለሁ፣ አልከፈትም» አለ። አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አልነሳም ብሎ ጠዋቱን በሙሉ አስለፋን። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚጻፈው ስሕተት ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ ነው። አንድ ዓይነት በሽታ ቢሆን እኮ ደግ ነበር!

ልጅቷ ታዲያ አንድ ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር እኮ ከፍተህ ያቺን ዕቃ ካስገባህ ወዲህ ነው የጀመረው» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው ቴክኒሺያን የሆንሽው?» ነበር ያልኳት። ሦስት ደንበኞች ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ሳቁ። እሷም ወደ ኪቦርዱ ዞረች። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ላም ባልዋለበት...

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስሙ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

መጀመሪያ «ቫይረስ ነው» አልኩ። እኛ ዘንድ በቀን ስንት ፍላሽ ይሰካል መሰላችሁ? ስለዚህ አጣፍቼ ፎርማት አደረግሁት። ሁለት ቀን ሠርቶ ተመለሰ። ሠፈር ውስጥ የሚጠግን አንድ ሰው ጠራሁ። እሱም ፎርማት አደረገው፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊው ስክሪን መልሶ መጣ።

ቀጥሎ «መብራቱ ነው» አልኩ። ቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከአፍንጫችን ሥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 የተመረቁት የነፋስ ማማዎችም ከኮረብታው ላይ ሆነው ቁልቁል እያዩን ይሽከረከራሉ። ቢሆንም መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አይተውም። ስታቢላይዘር ገዛሁ። ለውጥ የለም። ከዚያ «ሙቀቱና አቧራው ነው» አልኩ። የአዳማ ሰው ሲደክመውም፣ ሲነጫነጭም፣ ሲፋታም ሙቀቱ ነው ይላል። ቬንትሌተር አምጥቼ ሲፒዩው ላይ ደቀንኩ። እሱም አልረዳም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ጠዋት ጠዋት እኔ ስቀመጥበት ማሽኑ ሰላም ነው። የሚያብደው ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ስትይዘው ነው! ይኼን ሳይ «አገኘሁት!» አልኩ። እጇ ነው! ወይ ፊልም ትጭንበታለች፣ ወይ የማይነካ ትነካለች። እንደ ትልቅ መርማሪ ራሴን አደነቅሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንዲት ተማሪ 84 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ አስጻፈችን። ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀራት ፋይሉ አልከፈትም አለ። ልጅቷ ቅጂ በፍላሽ ይዛ ነበር፤ እሱም አልከፈት አለ። ተማሪዋ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔና ሠራተኛዬ ከወረቀቱ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበልን እንደገና ጽፈን ጠዋት አስረከብናት። ይኼ ሁሉ ሲሆን ሠራተኛዬ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ወር ሲያልቅ ከደመወዟ ላይ 700 ብር ቆረጥኩ። «ላጠፋሽው ነው» አልኳት። «ምን አጠፋሁ ጋሼ?» አለችኝ። «እጅሽ ነው፤ አንቺ ስትይዥው ብቻ ነው የሚበላሸው» አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም። ለጠየቀኝ ደንበኛ ሁሉ «ማሽኔን አበላሽታብኝ አሰናበትኳት» እያልኩ አወራሁ። አክስቷ ያለችበት ሠፈር ድረስ ወሬው ደረሰ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

እሷ ከሄደች በኋላ ማሽኑ ዳነ? የት አባቱ! እንዲያውም ባሰበት። አሁን ከሰዓት በኋላም የምቀመጠው እኔ ነኛ። ሰማያዊው ስክሪን በኔው ጣት ሥር መጣ። ያን ጊዜ ሆዴ ባር ባር አለኝ።

አንድ ቀን በከተማችን ካለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወጣት ጥራዝ ሊያስጠርዝ መጣ። ቆሞ ሲጠብቅ ማሽኑ ፊቱ ላይ ጠፋ። እየተሳደብኩ ሳስነሳው ልጁ ረጋ ብሎ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ።

«የሚመጣው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ወይስ ይለያያል?»

«ይለያያል።»

«የሚብሰው ሥራ ሲበዛ ነው ወይስ ዝም ብሎ ሲቀመጥ?»

አሰብኩ። ጠዋት ማመልከቻ አንድ ገጽ፣ ሲቪ ሁለት ገጽ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ፎቶና ሠንጠረዥ ያለበት ትልልቅ ጽሑፍ፣ ኢንተርኔቱም፣ ስካነሩም አብረው ይከፈታሉ። «ሥራ ሲበዛ ነው» አልኩት።

«ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ ላይ የለወጥከው ወይም የጨመርከው ነገር አለ?»

ወገኖቼ፣ ምላሴ ደረቀ። የልጅቷ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። «ከፍተህ ያቺን ዕቃ ካስገባህ ወዲህ ነው...»

ወጣቱ ማታ ተመልሶ መጣ። በፍላሹ ላይ ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባል ፕሮግራም ይዟል። የመጀመሪያውን ሜምቴስት86 ክሪስ ብራዲ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፈው ሲሆን፣ ፕላስ የሚባለው ከሱ የተወለደና በነጻ የሚገኝ ነው። ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ከፍላሹ ይነሳና የራሙን እያንዳንዱን ቦታ ይፈትናል። አንድ ነገር ጽፎ ያስቀምጣል፣ ተመልሶ ያነባል። የጻፈውን ካላገኘ ስሕተት ብሎ ይመዘግባል።

ሁለቱም ራሞች እንደተሰኩ ጀመርን። ሻይ አስመጥተን ቁጭ ብለን ቁጥሩን እናያለን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ መስመር ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። «ተመልከት፣ ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ ነው» አለኝ፤ በአድራሻው ቁጥር ላይ ጣቱን እያሳየ።

ማሽኑን አጥፍቶ ገመዱን ነቀለ። የቆየውን ራም ብቻ ትቶ እንደገና ፈተነው። ንጹሕ። እሱን አውጥቶ የኔን፣ ያቺን በኩራት የገዛኋትን፣ እዚያው ቦታ ሰካት። ቀይ! «ምናልባት ቆሽሻ ይሆናል» ብሎ ወርቅማ ጥርሶቿን በላጲስ ቀስ አድርጎ ጠረጋቸው። መልሶ ሰካት። ቀይ! ወደ ሌላኛው መሰኪያ አዛወራት። አሁንም ቀይ! ስሕተቱ መሰኪያው ዘንድ አልቀረም፤ ዕቃዋን ተከትሎ ሄደ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጥፋተኛው ታወቀ። ያቺ ከመዳፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። ያመጣኋት እኔ። የሰካኋት እኔ።

ከበደ አበደ!

አንባቢዬ «አንዲት ዕቃ እንዴት ይህን ሁሉ ታምሳለች?» ሊል ይችላል። እኔም ወጣቱን ይህንኑ ጠየቅሁት። ከሱ የሰማሁትንና በኋላ አንብቤ ያገኘሁትን በቀላሉ ላስረዳችሁ።

በ4 ጊጋ ራም ውስጥ ከ34 ቢሊዮን በላይ የሆኑ ጥቃቅን ጎጆዎች አሉ። እያንዳንዷ ወይ ዜሮ ወይ አንድ ትይዛለች። የምትይዘውም ጥቂት የኤሌክትሪክ ጠብታ ነው። ጎጆዋ ደግሞ እንደሚያፈስ እንስራ ናት፤ ጠብታው ይሾልካል። ስለዚህ ማሽኑ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ (በተለመደው አሠራር በየ64 ሚሊ ሰከንዱ) እየዞረ ይሞላታል። አንዷ ጎጆ ከሌሎቹ በርትታ የምታፈስ ከሆነች፣ መሙያው ሳይደርስላት አንድ የነበረው ዜሮ ይሆናል። ጎጆዋ ግን «ረሳሁ» አትልም። ዓይኗን ሳታሽ «ዜሮ ነበር የሰጠኸኝ» ትላለች። ተራ ማሽንም ያምናታል።

አሁን ይህችን የአንዲት ጎጆ ስሕተት በኛው ፊደል እዩዋት። በዛሬው የፊደል አመዳደብ፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ቁጥር አለው። የ«ከ» ቁጥርና የ«አ» ቁጥር የሚለያዩት በአንዲት ጎጆ ብቻ ነው። ያቺ ጎጆ ከከዳች «ከበደ» ብላችሁ የጻፋችሁት «አበደ» ሆኖ ይነበባል! «ሰ» እና «ሸ»ም እንደዚሁ በአንዲት ጎጆ ነው የሚለያዩት፤ «ሰላም» የነበረው «ሸላም» ይሆናል። በፎቶ ውስጥ ቢሆን አንዲት ነጥብ ቀለሟን ትለውጥና ማንም አያይም። ታሽጎ በሚቀመጥ ፋይል ውስጥ ከሆነ ግን ማሽኑ ሒሳቡ አልገጥም ይለውና «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ዊንዶውስ ራሱ በሚሠራበት ቦታ ላይ ካረፈች ደግሞ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። በሽታው አንድ ሆኖ ምልክቱ በየቀኑ የሚለያየው ለዚህ ነው።

ጠዋት ሰላም የሚሆነውም ምክንያት አለው። ሥራ ሲያንስ ማሽኑ ጥቂት ቦታ ነው የሚይዘው፤ ሥራ ሲበዛ ጠረጴዛውን በሙሉ ይዘረጋዋልና የታመመችውን ጎጆ የመርገጥ ዕድሉ ይጨምራል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ልጅቷ እጅ ላይ የሚበላሸው እጇ ከፍቶ አይደለም። ከባዱን ሥራ የምትሠራው እሷ ስለነበረች ነው! እኔ ቀላሉን እየሠራሁ «እኔ ስይዘው ሰላም ነው» እል ነበር።

ፎርማቱስ ለምን አላዳነውም? አዲሱ ዊንዶውስም ሲጫን በዚያችው የታመመች ራም በኩል ነው የሚያልፈው። የፍላሹ ቅጂም ቢሆን በሷ በኩል ነው የተገለበጠው። የተማሪዋ ሁለቱም ፋይሎች አብረው የሞቱት በዚህ ነው።

ይኼ ደግሞ የኔና የሠፈሬ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ቤልጂየም ውስጥ ስካርቤክ በምትባል የብራስልስ ክፍለ ከተማ በኮምፒውተር ምርጫ ሲካሄድ፣ አንዲት ዕጩ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ አገኘች። እንደገና ሲቆጠር ትርፉ 4,096 ሆነ። ይህ ቁጥር አንዲት ጎጆ ከዜሮ ወደ አንድ ስትገለበጥ በትክክል የሚመጣ ቁጥር ነው። የፕሮግራም ስሕተት ስላልተገኘ፣ ከጠፈር የመጣ ጨረር ጎጆዋን ገልብጧት ይሆናል ተባለ። የጉግል ባለሙያዎችና አንዲት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት ደግሞ በድርጅቱ ማሽኖች ላይ በየዓመቱ ከ100 ራሞች 8 ያህሉ ስሕተት እንደሚያሳዩ አመለከተ። የገረመኝ ሌላው ነው። ሌሎች ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላ ሙቀት በስሕተቱ ላይ የነበረው ድርሻ ከተገመተው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የአዳማ ፀሐይ በዚህኛው ጉዳይ ነጻ ወጣች ማለት ነው!

ማሽናችሁ ቢያብድ...

ኮምፒውተራችሁ እንደኔው ቢያስቸግራችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁና ሰው ከማስቀየማችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ፣ በቅርቡ የጨመራችሁትን ወይም የነካችሁትን ነገር አስታውሱ። እሱን ነቅላችሁ ሁለት ሦስት ቀን ሥሩ። ከዳነ አገኛችሁት።

ሁለተኛ፣ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ለሕይወታችሁ የሚያስፈልግ ፋይል ካለ ደህና በሆነ ሌላ ማሽን ላይ ገልብጡትና ከፍታችሁ አረጋግጡት። ሳይከፍቱ «ቅጂ አለኝ» ማለት ቅጂ የለኝም ከማለት አይሻልም።

ሦስተኛ፣ ራሙን ፈትኑ። ዊንዶውስ ራሱ ከቪስታ ጀምሮ የራም መፈተሻ አብሮት ይመጣል፤ እሱን ማስጀመር አንድ ነገር ነው። ሜምቴስትን ከፍላሽ አስነስቶ ሌሊቱን ማሳደር ግን ይበልጥ ይመረጣል። ዩፒኤስ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ፈተናው መሐል መብራት ከሄደ ሥራው ከሀ ይጀመራል። አንዲት ስሕተት እንኳ ከታየች «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፏት። በደህና ራም ላይ የሚጠበቀው ዜሮ ነው።

አራተኛ፣ ስሕተት ከታየ ራሞቹን ለየብቻ፣ አንድ በአንድ፣ በአንድ መሰኪያ ላይ ፈትኑ። ከመንካታችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉ፤ የሲፒዩውን ብረት ንኩና በሰውነታችሁ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ክምችት አራግፉ። ስሕተቱ ዕቃዋን ከተከተለ ዕቃዋ ናት። ሁሉም ራም በአንዱ መሰኪያ ላይ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ይዞራል። ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ሃርድ ዲስኩ ዙሩ።

ያገለገለ ራም ስትገዙም ሻጩ «ካልሠራ ትመልሳለህ» ብሎ ቀን ቆርጦ እንዲሰጣችሁ አድርጉ፤ ያን ማታውኑ ፈትኑት። የኔው ሻጭ ከሁለት ወር በኋላ ስደውልለት «ወንድሜ፣ ሠርቶልህ ነው እኮ የወሰድከው!» ብሎ ዘጋብኝ። አልፈረድኩበትም።

መቂ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማሽኑን ማዳን ቀላል ነበር፤ ዕቃዋን መንቀል ብቻ። ልጅቷስ?

አንድ እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ በሞጆ አድርጌ መቂ ወረድኩ። 700 ብሯንና የአንድ ወር ደመወዝ ጨምሬ በፖስታ ይዣለሁ። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። እናቷ ማን እንደሆንኩ ሲያውቁ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን እንግዳ ነኝና ቡና አቀረቡልኝ። ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚያስጭኑ ነጋዴዎች ዘንድ ሒሳብ መመዝገብ ጀምራለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ራሙ፣ ስለ ቀዩ መስመር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ስለተቀመጥነው። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ቢሳሳት ዕቃ ነው። አንተን ግን ነግሬህ ነበር።»

ምን ይመለሳል? «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሥራሽም አለ፣ ነይ» አልኳት። ፖስታውን ከፈተች። 700 ብሩን ቆጥራ ወሰደች፤ የቀረውን መልሳ ሰጠችኝ። «የሠራሁበትን እወስዳለሁ፤ ያልሠራሁበትን ምን ብዬ?» አለች። ወደ አዳማም እንደማትመለስ ነገረችኝ። ልወጣ ስነሳ በሩ ላይ ቆማ ያለችኝ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ስሜን ያጠፋኸው በኮምፒውተር አይደለም፤ በአፍህ ነው። በዚያው በአፍህ መልስልኝ።»

ተመልሼ ደንበኞቼን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አክስቷም ዘንድ ሄድኩ። ግን ወሬ ስትወጣ በባጃጅ፣ ስትመለስ በእግሯ ነው፤ የሰማው ሁሉ ዘንድ ልደርስ አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ በጋዜጣም እላለሁ። ስሟን አልጽፍም። ፖስታ ቤት አካባቢ ስታጽፉ የኖራችሁ ግን ታውቋታላችሁ፤ ከደንበኛ ጋር እየተጫወተች ኪቦርዱን ሳታይ የምትጽፈው ልጅ ናት። ማሽኑን ያበላሸችው እሷ አይደለችም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ነግራኝም አልሰማሁም።

ያቺን ራም አልጣልኳትም። ከጠረጴዛዬ በላይ በምስማር ሰቅያታለሁ። አንድ ነገር ሲጠፋብኝ ወይም ሲበላሽብኝና «ማነው ይህን ያደረገው?» ልል አፌን ስከፍት ቀና ብዬ አያታለሁ። ከዚያ በመጀመሪያ የምጠይቀው «ለመጨረሻ ጊዜ የነካሁት እኔ ምኑን ነበር?» ብዬ ነው።

እናንተስ፣ በቤታችሁ «እጁ ነው፣ እጇ ነው» ያላችሁት ሰው የለም? ካለ፣ ሳይመሽ አጣሩ።

ቸር ይግጠመን።